ዝቅ ለተደረገ ቶዮታ 86 ቸርኬና ጎማ ስትመርጡ፦ መጀመሪያ ሚሊሜትሩ፣ ከዚያ መልኩ

ቸርኬ ሻጭ ጋ ሄዳችሁ «ለ86 የሚሆን» ብትሉ ያወጣላችኋል። ውሸትም አይደለም፤ ቡሎኑ ይገጥማል፣ መኪናውም ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው መኪናው ዝቅ ሲል ነው። በፋብሪካው ቁመት ምንም ሳይነካ ይዞር የነበረ ጎማ 25 ሚሊሜትር ዝቅ ባለ መኪና ላይ መሪ ሲጠመዘዝ የጎማውን ቤት ፕላስቲክ ይፍቃል፣ ጉድጓድ ሲገባ ፓራፋንጎውን ይነክሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ መኪናውን የምትፈልጉት ቁመት ላይ አውርዱ፣ ቀጥሎ ለኩ፣ ቸርኬ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ቸርኬ ቀድሞ የገዛ ሰው የመኪናውን ቁመት በቸርኬው ልክ ሲያስተካክል ይኖራል።

የምጽፈው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ስለተሸጠው የመጀመሪያ ትውልድ መኪና ነው። ቶዮታ 86፣ ሱባሩ ቢአርዜድ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሳዮን ኤፍአርኤስ ተብሎ የተሸጠው ሁሉ ከስር አንድ ነው። ስሌቱ ለሌላ መኪናም ይሠራል፤ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሩ።

ከፋብሪካ የመጣው ቸርኬ 17 ኢንች፣ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ +48 ነው። ጎማው 215/45/17 (ስፋቱ 215 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ለ17 ኢንች ቸርኬ)፣ ቡሎኑ 5 በ100 (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ)፣ ቸርኬው የሚታሰርበት የሞዞው ዲያሜትር 56.1 ሚሊሜትር። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ የሚመጣው ሁሉ ከእነሱ ጋር ይነጻጸራል።

ኦፍሴት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። «+40 ይገባል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስፋቱን ካልነገረኝ መልስ የለኝም። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው መሀል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አስሉ። የቸርኬውን ስፋት በ25.4 አባዙና ለሁለት ክፈሉ። በዚያ ላይ ኦፍሴቱን ብትደምሩ ቸርኬው ከሞዞው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ታገኛላችሁ፤ ብትቀንሱ ወደ ውጭ የሚወጣበትን።

የፋብሪካው ቸርኬ፦ 7 ሲባዛ በ25.4፣ ሲካፈል ለ2፣ 88.9 ይሆናል። ወደ ውስጥ 136.9፣ ወደ ውጭ 40.9 ሚሊሜትር። አሁን 17 በ8 +45 እንውሰድ። ግማሹ 101.6 ስለሆነ ወደ ውስጥ 146.6፣ ወደ ውጭ 56.6 ይመጣል። ከፋብሪካው ጋር ሲተያይ 9.7 ሚሊሜትር ወደ አሞርቲዛተሩ ተጠግቷል፣ 15.7 ሚሊሜትር ወደ ፓራፋንጎው ወጥቷል። 17 በ9 +42 ደግሞ 19.4 ወደ ውስጥ፣ 31.4 ወደ ውጭ ይሄዳል። 18 በ9.5 +40 የሚያምረው ነው፤ እሱ 23.8 ወደ ውስጥ፣ 39.8 ወደ ውጭ ይወስዳችኋል። አራት ሳንቲሜትር ማለት ነው። መኪናው ላይ ያንን የሚያስተናግድ ባዶ ቦታ የለም፤ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) በብዛት ሰጥታችሁ፣ የፓራፋንጎውንም ጠርዝ አጥፋችሁ ነው የምታገኙት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ 17 በ8 ላይ ኦፍሴቱ +35 ከሆነ የውስጥ ጠርዙ 136.6 ላይ ያርፋል፣ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የተጨመረው ስፋት በሙሉ ወደ ውጭ ሄደ ማለት ነው። ኮይልኦቨሩ (ቁመቱ የሚስተካከል የሞላና የአሞርቲዛተር ጥምር) ወፍራም ለሆነበት ወይም የውስጥ ቦታ ለጠበበው ሰው ይህ ይጠቅማል። በሌላ በኩል ኦፍሴቱ በወረደ ቁጥር መሪው በመንገዱ ስንጥቅና በመኪና ጎማ በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ይበልጥ ይጎተታል፤ ቢሊያውም ይበልጥ ይጫናል። ከ+35 በታች ለመንገድ መኪና አልመክርም።

እስካሁን ያሰላነው ቸርኬውን ነው፤ የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ ጎማው ነው። ጎማ ላይ የተጻፈው ስፋት የሚለካው በተወሰነ ቸርኬ ላይ ነው። 215/45/17 በ7 ኢንች ቸርኬ ላይ 213 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 225/45/17 በ7.5 ላይ 225። ቸርኬው በግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር የጎማው ሆድ 5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ 225/45/17 በ8 ኢንች ላይ 230 ገደማ ይሆናል። ግማሹን 115 ወስዳችሁ በኦፍሴት 45 ብታሰሉት ጎማው ወደ ውስጥ 160፣ ወደ ውጭ 70 ላይ ነው። የፋብሪካው ጎማ በዚሁ ስሌት 154.5 እና 58.5 ነበር። በጎማው ደረጃ ልዩነቱ 5.5 ወደ ውስጥና 11.5 ወደ ውጭ ብቻ ሆነ። ይህ ጥምረት ዝቅ ባለ 86 ላይ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ የሚገባበት ምክንያት ይህ ነው። አምራቾቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዱ «225» ያለው ከሌላው 225 በግልጽ ይሰፋል፣ ትከሻውም አንዱ ክብ ሌላው ቀጥ ያለ ነው። በተለይ ለትራክ (ለእሽቅድምድም ሜዳ) የተሠሩ ለስላሳ ጎማዎች ትከሻቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የአምራቹን ሰንጠረዥ አይታችሁ ትክክለኛውን ስፋት ያዙ።

አሁን ልኬቱ። መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ፣ ሞላው ቦታውን ይዞ ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ አቁሙት። የቆመ መኪና ላይ ያለው ክፍተት ግን ግማሽ ወሬ ነው። ማወቅ ያለባችሁ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ምን እንደሚሆን ነው። ፊቱን በክሪክ አንስታችሁ በቆሚ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እጅም እግርም አይገባም። ማረጋጊያ ዘንጉን ከሁለቱም በኩል ከማያያዣው ፍቱት፤ ካልተፈታ አንዱን ጎማ ብቻውን ማንሳት አይቻልም። ኮይልኦቨር ከሆነ ሞላውን አውጥታችሁ አሞርቲዛተሩን ባዶውን መልሱ። ከዚያ ጎማውን አስራችሁ ከታች በክሪክ የመጨረሻው ላስቲክ እስኪነካና ትንሽ እስኪጨመቅ ድረስ ከፍ አድርጉት። እዚያ ላይ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ ቀስ ብሎ፣ በየሩቡ ዙር እያቆማችሁ።

የውስጥ ክፍተቱ እጅ የማይገባበት ስለሆነ ልጆች የሚጫወቱበትን ለስላሳ ሸክላ ተጠቀሙ። በአሞርቲዛተሩ ላይ ጎማው በሚጠጋበት ቦታ አንድ ጣት ውፍረት ለጥፋችሁ ጎማውን አስገቡና አንድ ዙር አዙሩት። አውጥታችሁ የቀረውን ሸክላ በካሊፐር ለኩ። ያ ቁጥር አሁን ባላችሁ ጎማ የቀረው ትክክለኛ ክፍተት ነው፤ ከእሱ ላይ ያሰላችሁትን ልዩነት ቀንሱ። ከአሞርቲዛተሩ ጋር ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። ሁለቱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ይህ ይበቃል። ከፓራፋንጎው ጋር ግን ቢያንስ 8 ተዉ፤ በኩርባ ላይ ጎማው ራሱ ወደ ጎን ይተጣጠፋል፣ የሞላና የዘንግ ላስቲኮችም ይለጠጣሉ።

በኮይልኦቨር ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አለ፦ መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር ሞላው የሚቀመጥበት ቀለበት እየወረደ ከጎማው ጫፍ ጋር ይገናኛል። ከላይ ሰፊ ቦታ አለ ብላችሁ ለክታችሁ፣ ቀለበቱ ግን 20 ሚሊሜትር ወርዶ ጎማውን እየላጨ ይገኛል። የግል ምርጫዬ ከታች ባለው መያዣ ቁመቱ የሚስተካከል ኮይልኦቨር ነው፤ በእሱ መኪናው ሲወርድ የአሞርቲዛተሩ ጉዞ አይቀንስም፤ ቀለበቱ ግን ከጎማው አንጻር በእሱም ይወርዳል፣ ስለዚህ ለኩ።

ካምበር የሚሰጥበት መንገድም ክፍተቱን ይለውጠዋል፤ አብዛኛው ሰው ይህን የሚያውቀው ከተፋቀበት በኋላ ነው። ፊት ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አሞርቲዛተሩ ከላይ የሚታሰርበትን ሳህን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። በዚህ አሞርቲዛተሩና ጎማው አብረው ስለሚያዘነብሉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይለወጥም፤ የጎማው አናት ግን ከፓራፋንጎው ይርቃል። ሌላው ከታች አሞርቲዛተሩን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያስረውን ቡሎን በካምበር ቡሎን መተካት ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ነገር ግን ጎማውን ወደ አሞርቲዛተሩ ያዘነብለዋል። በአንድ ዲግሪ ጥቂት ሚሊሜትር ትከስራላችሁ። 9 ኢንች ቸርኬ ላይ እነዚያ ጥቂት ሚሊሜትሮች ናቸው ያሏችሁ። ስለዚህ ለሰፊ ቸርኬ የላይኛውን ሳህን፣ ለ8 ኢንች ቡሎኑ ይበቃል።

ለመጠን ያህል፦ አንድ ዲግሪ ካምበር የጎማውን አናት ከመሀሉ አንጻር 5 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ያስገባል። ፋብሪካው ፊት ላይ ያለው ካምበር ዜሮ ገደማ ነው፤ የኋላው −1.2 አካባቢ። መኪናው ሲወርድ የፊቱ ብዙም አይለወጥም፣ የኋላው ግን በአሠራሩ ምክንያት በራሱ ይጨምራል፣ ወደ −2 ይጠጋል። ለዚህ ነው ኋላ ብዙ ጊዜ የሚገባው ቸርኬ ፊት ላይ የሚያስቸግረው። ፊቱን ከ−1.5 እስከ −2 አድርጉት፤ በዚያ ክልል ጎማው በውስጥ በኩል ቶሎ አያልቅም። የጎማን ውስጠኛ ጥርስ የሚበላው በአብዛኛው የቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞሩበት ልክ) መዛባት ነው፤ በካምበር ብቻ አታሳብቡ። መኪናው ከወረደ በኋላ፣ ካምበር ከተነካ በኋላ፣ አላይመንት ግዴታ ነው፤ ፊት ቶ ዜሮ፣ ኋላ በትንሹ ወደ ውስጥ።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ለየዕለት መንዳትና ለአንዳንድ የትራክ ቀን 17 በ8፣ ከ+40 እስከ +45፣ በ225/45/17 እወስዳለሁ። ጎማው በብዛት ይገኛል፣ ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ከ45 የማያንስ ጎን ስላለው ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬው በቀላሉ አይጎዳም። የጎማው ቁመት 634 ሚሊሜትር ሲሆን የፋብሪካው 625 ነው። 9 ሚሊሜትር ማለት ግማሹ፣ 4.5፣ መኪናውን ያነሳዋል፤ ያው 4.5 ደግሞ ከጎማው አናት በላይ ያለውን ክፍተት ይበላል። ፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል እውነተኛው ከበፊቱ በ1.4 በመቶ ይበልጣል። ማርሹም በዚያው መጠን ይረዝማል፤ በ200 የፈረስ ጉልበት መኪና ላይ ይህ በትንሹ ይሰማል።

ከዚህ በላይ መንገድ የሚይዝ ጎማ የሚፈልግ 17 በ9 +42 ከ245/40/17 ጋር ይሂድ። ቁመቱ 628 ስለሆነ ከፋብሪካው ጋር ይመሳሰላል። ዋጋው ግን ፊት ላይ −2 እና ከዚያ በላይ ካምበር፣ የፕላስቲኩን ጥቂት ቦታ በሙቀት መግፋት፣ ምናልባትም የኋላ ፓራፋንጎ ጠርዝ ማጠፍ ነው። 18 ኢንች ለሚወድ 18 በ8.5 +45 በ225/40/18 ጥሩ ይቀመጣል፤ ቁመቱ ግን 637 ይደርሳል፣ ብዙ ለወረደ መኪና ይበዛል። 215/40/18 በ629 ይሻላል፤ ለ8.5 ኢንች ቸርኬ ግን የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ነው። 235/40/18 ሲሉ የምትሰሙት 645 ነው፣ ከ3 በመቶ በላይ ያለፈ፤ ተዉት።

ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ መወጠር እንደ ፋሽን ተይዟል። 215/45/17 የተፈቀደለት የቸርኬ ስፋት ከ7 እስከ 8 ኢንች ነው። በ9 ላይ ብትወጥሩት ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ላይ በኩርባ ወይም በጉድጓድ ሊላቀቅ ይችላል፤ ቸርኬውም ጠባቂ ስለሌለው መጀመሪያ የሚመታው ራሱ ነው። በመልኩ አልከራከርም፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ከኋላችሁ መንዳት አልፈልግም።

ዳዶው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መኪናው ላይ የቶዮታ ምልክት ስላለ የቶዮታ ዳዶ፣ 12 በ1.5 (12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት)፣ ይገዛሉ። የዚህ መኪና ቡሎን ግን የሱባሩ ነው፤ 12 በ1.25። የማይገጥመው ዳዶ ሁለት ዙር በጣት ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ በአየር መሣሪያ የያዘው ጎሚስታ ደግሞ አይሰማውም፣ ጨፍልቆ ያስገባዋል። ስለዚህ ዳዶውን ቢያንስ አምስት ዙር በጣታችሁ አስገቡ። በጣት ካልሄደ በመሣሪያ አይሄድም።

የቸርኬው መሀል ቀዳዳ ደግሞ አለ። የገበያ ቸርኬዎች ለብዙ መኪና እንዲሆኑ 73.1 ሚሊሜትር ሆነው ይሠራሉ። ከ73.1 ወደ 56.1 የሚያጠብ ቀለበት ግዙ። የአሉሚኒየም ቀለበት ጨው ባለበት ክረምት ሞዞው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ለቨርጂኒያና ለሜሪላንድ ሰው ፕላስቲኩ ይሻላል። ለትራክ ግን ፍሬኑ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ አሉሚኒየሙን በስስ ቅባት አድርጉት። ያገለገለ ቸርኬ ስትፈልጉ ሁለት ወጥመዶች አሉ። 5 በ100 የሆነ የቆየ የኮሮላ ወይም የፕሪየስ ቸርኬ ቀዳዳው 54.1 ስለሆነ ሞዞው ላይ አይገባም። የቮልስዋገኑ 57.1 ሆኖ ይገባል፤ የዳዶው መቀመጫ ግን ክብ ነው፣ የእናንተ ዳዶ ደግሞ ሾጣጣ። ሁለቱ በጠባብ መስመር ብቻ ስለሚነካኩ የጠበቀ መስሎ ይላላል።

ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ዝርግ ብረት) የኦፍሴት ስህተት ማረሚያ ሆኖ ይሸጣል። 3 ሚሊሜትር ችግር የለበትም። 5 ሲሆን ግን ዙሩን ቁጠሩ፦ ዳዶው ቢያንስ በቡሎኑ ውፍረት ልክ መግባት አለበት፤ 12 ሚሊሜትር በ1.25 ሲካፈል አሥር ዙር ያህል ነው። ካነሰ ረጅም ቡሎን ይተካ። ስፔሰሩ የሞዞውን አንገት ሸፍኖ ለቀለበቱ የሚይዘው ካላስቀረም ቸርኬው በቡሎን ብቻ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት መሪው መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል፣ ባላንስም አያድነውም።

የጎማው ጭነት ቁጥር ከፋብሪካው 87 አይነስ፤ 87 ማለት በአንድ ጎማ 545 ኪሎ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከዶት ፊደላት በኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብቡ። 3523 ማለት በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዱባይና አቡዳቢ ሙቀቱ ላስቲኩን ስለሚያደርቀው «አዲስ ነው» የተባለውን ቀን ሳታዩ አትክፈሉ። ትልቁ የብሬምቦ ፍሬን ያለበት መኪና ካላችሁ ደግሞ 17 መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የቸርኬው ክንፍ ከፍሬኑ ካሊፐር ጋር ይጋጭ እንደሆነ ከሻጩ የወረቀት ልክ ጠይቃችሁ ሞክሩት። ጀርመን ያላችሁ ያለ ሰነድ ቸርኬ አትግዙ፤ ቱፍ (የተሽከርካሪ ቴክኒክ መርማሪ ድርጅት) አይቶ ካላጸደቀው መኪናው መንገድ ላይ መውጣቱ ራሱ ጣጣ ነው።

የፓራፋንጎ ጠርዝ ማጠፍ ካስፈለገ ቀለሙን በሙቀት ማሽን እጅ ለመንካት እስኪከብድ ድረስ አሙቁ፣ መሣሪያውን በትንሽ በትንሹ እያጠበቃችሁ ብዙ ጊዜ ተመላለሱበት። በአንድ ጊዜ የታጠፈ ጠርዝ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ በሁለት ክረምት ዝገቱ ከውጭ ይታያል። ካጠፋችሁ በኋላ ከውስጥ በኩል የሚያሽግ ቀለም ቀቡት። የኋላ መከላከያ ከፓራፋንጎው ጋር የሚገናኝበትን ጥግም እዩ። እዚያ ያለው ፕላስቲክ ወደ ጎማው ስለሚወጣ ጠርዙ ተስተካክሎ ሳለ እሱ ብቻውን ይፍቃል።

ስትገጥሙ ዳዶዎቹን በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ በ120 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ሲቀዘቅዝ ደግማችሁ በቶርክ ሬንች እዩ። ንፋሱን በበሩ ላይ ባለው ቁጥር፣ 35 ፒኤስአይ በቀዝቃዛ፣ ጀምሩ።

ያን ጊዜ ጎማዎቹን አውርዳችሁ ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ። የፍቅታው ቦታ ሐኪሙ ነው። የፊት ፕላስቲክ ላይ ከፊት ለፊት የሚያብለጨልጭ መስመር ካለ መሪ ሲጠመዘዝ ነው፤ ፕላስቲኩን በሙቀት ግፉት። በጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ዙሪያውን የተወለወለ ቀለበት ካያችሁ አሞርቲዛተሩ ነው፤ 3 ሚሊሜትር ስፔሰር ወይም የላይኛው ሳህን። በውጨኛው ትከሻ ላይ የተቆረጠ የሚመስል ጭረት ከሆነ የፓራፋንጎው ጠርዝ ነው፤ በዚያ ጎማ ሰው ጭናችሁ ረጅም መንገድ አትሂዱ፣ መኪናውን 10 ሚሊሜትር አንሱት።